ዕቃው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሕንፃ ግንባታ ለምን እንደሚዘገይ ይመረምራል። መነሻችን የጅቡቲ ወደብ ነው። በአዲስ አበባም ይሁን በባሕር ዳር፣ በደሴም ይሁን በሐዋሳ፣ ሥራው የቆመ ሕንፃ ሥር ሄዳችሁ «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ደጋግማችሁ የምትሰሙት መልስ «ዕቃው ጅቡቲ ነው» የሚል ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የሚያሳዝነው ይህ መልስ ከተሰጠ በኋላ ጠያቂውም መላሹም ዝም ማለታቸው ነው። ዕቃው ጅቡቲ የገባው መቼ ነው? መግባት የነበረበትስ መቼ ነበር? ማን አዘዘው፣ መቼስ ታዘዘ? እነዚህን ጥያቄዎች ተራ በተራ የጠየቀ ሰው ከወደቡ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ አማካሪው ቢሮ፣ ከአማካሪው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። እኔ እንደማምነው፣ ወደብ ላይ የምናየው መዘግየት በአብዛኛው የተጀመረው መርከቡ መልሕቁን ከማንሳቱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። የዛሬውን ጉዟችንንም ወደ ኋላ እናደርገዋለን፤ ከወደቡ ተነስተን ውሳኔው ወደተሰጠበት የመጀመሪያ ጠረጴዛ እንሄዳለን። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ሕንፃችን ከባሕር ማዶ ምን ይፈልጋል? አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ድንጋዩ፣ ብሎኬቱ የአገር ቤት ነው። ሲሚንቶም እዚሁ ይመረታል፤ ፋብሪካዎቹ ግን መለዋወጫ ከውጭ ያስመጣሉ። ፌሮውን የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ይስቡታል፤ የሚስቡት ብረት ግን በአብዛኛው በመርከብ የመጣ ነው። ፊኒሺንግ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ፓነሉ፣ የአሉሚኒየም ፕሮፋይሉ፣ መስታወቱ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የእሳት አደጋ መቆጣጠሪያው፣ ጄኔሬተሩ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃው፣ አብዛኛው ባሕር አቋርጦ ይመጣል። ስትራክቸሩ ቶሎ ቶሎ ወጥቶ፣ ጣሪያው ከተመታ በኋላ ሕንፃው ለዓመታት ባዶ አፅም ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ በብርና በጉልበት ይሄዳል። ከጣሪያው በኋላ ዶላር፣ መርከብና ጉምሩክ ይጠይቃል።

እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ ዋናው በራችን አሰብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ ያ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በዚችው አገር ነው። ጅቡቲም ወደቧን ማስፋፋቷን አላቋረጠችም። የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ግንቦት 2009 ተከፈተ፤ በቀጣዩ ወር የታጁራ ወደብ ተከተለው። ሊፍትና ሴራሚክ የመሳሰለው በኮንቴይነር ታሽጎ ይመጣል። በጥቅል የታሰረ ፌሮ፣ ከባድ ማሽንና ማዳበሪያ ደግሞ ሁለገቡ ወደብ ላይ ይራገፋል።

ዕቃው ወደ አገር ቤት የሚመጣባቸው አሠራሮች ሁለት ናቸው። አንዱ መልቲሞዳል የሚባለው ነው። እንደ ኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያለ አጓጓዥ ዕቃውን ውጭ አገር ከተጫነበት ወደብ ተረክቦ በአንድ ሰነድ ሞጆን ወደመሰለ ደረቅ ወደብ ያደርሰዋል፤ የጉምሩክ ሥርዓቱም እዚያው ይፈጸማል። ሁለተኛው ዩኒሞዳል ነው። በዚህ አስመጪው ራሱ በትራንዚተሩ በኩል ጅቡቲ ላይ ዕቃውን አስለቅቆ፣ መኪና ተከራይቶ ያስጭናል። ግንባታ የምታሠሩ አድማጮች ውል ስትፈርሙ ዕቃው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጠይቁ። መዘግየት በተፈጠረ ጊዜ ተጠያቂው የሚለየው በዚህ ነውና።

ወደቡ ራሱ የዘገየባቸው ጊዜያትም አሉ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ከባድ ድርቅ ደረሰ። ስንዴ የጫኑ መርከቦችና የክረምት ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ወቅት ጅቡቲ ደረሱ፤ ማራገፊያ ቦታም መኪናም አነሰ፤ መርከቦች ባሕር ላይ ተራ ጠበቁ። የረሃብተኛው ስንዴ ቅድሚያ አገኘ። ማግኘትም ነበረበት። ኮንቴይነሩ በዚያ ሰሞን የዘገየበት ተቋራጭ ሊያዝን ይችላል፤ ቅር ሊሰኝ ግን አይገባውም። እንዲህ ያለው ነገር ድርቅ በሌለበት ዓመትም በመጠኑ ይደገማል። ማዳበሪያ ከመኸር እርሻ በፊት ገበሬው እጅ መግባት ስላለበት በየዓመቱ በዚያ ወቅት የጭነት መኪና ይሻማል። ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ የእርሻ ወቅቱ የታወቀ ነው። የዕቃ ግዢ መርሐ ግብር ሲያወጣ የማዳበሪያውን ወቅት ያልቆጠረ መሐንዲስ የአገሩን ዘመን አቆጣጠር ዘንግቷል ማለት ነው።

ሌላው የባሕሩ ነገር ነው። መጋቢት 2013 ኤቨር ጊቭን የተባለ ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ የስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀን ዘጋው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በባብ ኤል ማንደብ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ከፈቱ። ካርታ ፊታችሁ ካለ ተመልከቱት፤ ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል ማንደብ መጥበቢያ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወጣ ብሎ ነው። ከቻይና ወይም ከሕንድ የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ መጥበቢያውን ማለፍ አይጠበቅበትም። ከቱርክ ወይም ከጣሊያን የሚመጣው ግን በስዊዝ ገብቶ ቀይ ባሕርን በሙሉ ወርዶ ያንኑ መጥበቢያ ያልፋል፤ ካልሆነ አፍሪካን ዞሮ በጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር በኩል ይመጣል። ስለዚህ የጣሊያን ሊፍት ያዘዘና የቻይና ሊፍት ያዘዘ በዚያ ወቅት የገጠማቸው አደጋ እኩል አልነበረም። ከእስያ የሚነሱትም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ወደ አውሮፓ ሲያልፉ ጅቡቲን ይነኩ የነበሩ ትልልቅ መርከቦች መንገዳቸውን ሲቀይሩ የጉዞው ምልልስ ተዛባ፤ የማጓጓዣውም የመድኑም ዋጋ ናረ።

በየብስም ቢሆን ከጅቡቲ በዲኪል፣ በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮሮና ጊዜ ጋላፊ ላይ ሹፌሮች የምርመራ ውጤት ሲጠብቁ ረጅም ሰልፍ ተፈጥሮ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሰኔና ሐምሌ፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ተራ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ሹፌርና ረዳቱ በግንባታ ሪፖርት ውስጥ ስማቸው አይነሳም። የሕንፃዎቻችን ፊኒሺንግ ግን በእነሱ ጀርባ ያለፈ ነው። ሰነዱ ስላልተሟላ አንድ ቀን የዘገየ ጭነት ለእነሱ በዚያ ፀሐይ ተጨማሪ አንድ ቀን ነው።

የባቡሩ ነገር ለዛሬው ርዕሳችን ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ አንዱ ከድሮው፣ አንዱ ከአዲሱ።

የድሮው ባቡር ፈቃድ በአፄ ምኒልክ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። ከባሕር እስከ ድሬዳዋ 5 ዓመት፣ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ 14 ዓመት ማለት ነው። አዋሽን መሻገርና ወደ ደጋው መውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙው ዓመት የባከነው በቁፋሮ አይደለም። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ሐዲዱ በማን ቁጥጥር ሥር ይሁን በሚል ተጣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የባቡሩ ባለቤትነት የአገሩን ነፃነት እንዳይነካ ሠጉ። ኩባንያው ከስሮ አዲስ ኩባንያ እስኪቋቋምና ሥራው በአዲስ ስምምነት እስኪቀጥል ድረስ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ድሬዳዋ ከተማ ሆና ማደጓ የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው። ለግንባታ ባለሙያ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ሳይረጋገጥ፣ ባለቤትነቱ ሳይለይ የተጀመረ ሥራ መሐንዲሱ ምንም ያህል ቢተጋ መሃል ላይ ይቆማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን በ2010 ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በምርቃቱና በአገልግሎቱ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለ። ሕንፃም እንደዚሁ ነው። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ መብራት ያልገባለት ሕንፃ አልተጠናቀቀም። ጊዜ ስንቆጥር የምንቆጥረው ሰው ገብቶ እስኪኖርበት፣ መሥሪያ ቤቱም ሥራ እስኪጀምርበት ድረስ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። አንድ ሊፍት እንከተል። እንበል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 12 ወለል ሕንፃ እየተሠራ ነው። ባለቤቱ፣ ተቋራጩና አማካሪው ውሉን ፈርመዋል። በውሉ ላይ ስለ ሊፍቱ የተጻፈው ስንት ሰው እንደሚይዝና ስንት ወለል እንደሚወጣ ብቻ ነው።

ተቋራጩ መጀመሪያ ላይ ሙሉ ልቡ መሠረቱና አርማታው ላይ ነው። ሊፍት የሚያስታውሰው አራተኛው ወይም አምስተኛው ወለል ላይ ሲደርስ ነው። የሊፍቱ ጉድጓድ ግድግዳ ግን ከመሠረቱ ጀምሮ በአርማታ እየተሞላ ወጥቷል። ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ የሊፍቱ አምራች ሳይታወቅ የጉድጓዱ ስፋት ተወስኗል። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ልክ አለው። የአንዱ ስምንት ሰው የሚይዝ ሊፍት የሚገባበት ጉድጓድ ለሌላው ሊጠብበው ይችላል።

ቀጥሎ ተቋራጩ የሦስት አምራቾችን ሰነድ ለአማካሪው ያቀርባል። አማካሪው ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ተቋራጩ ጎደሎውን አሟልቶ ይመልሳል፤ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ይሄዳል። በዚህ መሃል ባለቤቱ «ሕንፃውን ሆቴል ላደርገው አስቤያለሁ፤ ሊፍቱ ተለቅ ይበል» ይላል። የባለቤት ሐሳብ መለወጥ ነውር አይደለም፤ ሕንፃው የእሱ ነው። ነገር ግን የለውጡ ዋጋ በቀኑ ይወሰናል። መሠረት ላይ እያለን ቢነገር ኖሮ አንድ ሥዕል መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር። አምስተኛ ወለል ላይ ሲነገር አርማታ ማፍረስ ይሆናል። ሦስቱም ወገኖች በዚህ ሲከራከሩ ከአምራቹ የተገኘው ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያው፣ ጊዜው ያልፋል። አዲስ ፕሮፎርማ ይጠየቃል፤ ዋጋው ጨምሮ ይመጣል፤ የዋጋ ልዩነቱን ማን ይክፈል በሚለው እንደገና ክርክር ይነሳል።

እስከዚህ ድረስ አንድም መርከብ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ባንክም ገና አልሄድንም።

ባንክ ላይ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ ይከፈታል። ለብዙ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ነበር የሚሰጠው፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ሲቀድሙ የግንባታ ዕቃ ከኋላ ይሰለፍ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከለውጡ በፊት ቋሚ ዋጋ ፈርሞ ሊፍቱን ገና ያላዘዘ ተቋራጭ ዕጥፍ ሊባል የቀረበ ብር ተጠየቀ። አዝዞ የጨረሰው ግን በብዙ ተርፏል። ሁለቱን የለያቸው ያዘዙበት ቀን ነው።

ኤልሲው ተከፍቶ አምራቹ ሥራ ይጀምራል። ሊፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ በሕንፃው ልክ የሚመረት በመሆኑ ወራት ይወስዳል። ከቻይና ጅቡቲ ድረስ ባሕሩ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ነው። ከጅቡቲ ሞጆ ባቡሩ ቀን ባልሞላ ጊዜ፣ መኪናው በጥቂት ቀናት ያደርሳል። ሞጆ ላይ ጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አይቶ በአረንጓዴ፣ በቢጫ ወይም በቀይ መስመር ይመራዋል። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውና በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሳይገጥም ሲቀር አንድ በአንድ ፍተሻ ይደረጋል። የጥቅሎቹ ብዛት በደረሰኙ ላይ 42፣ በማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ 41 ከሆነ በዚያች አንድ ጥቅል ምክንያት ደብዳቤ ወደ አምራቹ ይሄዳል፤ የኮንቴይነሩ የነፃ ቀን እያለቀ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመቆያ ክፍያ፣ መቁጠር ይጀምራል። ይህን ስህተት በኢሜይል የተላከችውን ረቂቅ ሰነድ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ ያነበበ ሰው ያስቀረዋል።

በመጨረሻ ሊፍቱ ሳይት ይደርሳል። ገጣሚዎቹ ይመጡና «መብራቱስ?» ይላሉ። የሕንፃው ትራንስፎርመር ጥያቄ ገና አልገባም። ሊፍቱ በሣጥኑ ውስጥ እንደታሸገ መጋዘን ይገባል። በፕሮጀክቱ ሪፖርት ላይ ግን እስከ መጨረሻው የሚጻፈው «ሊፍቱ ከጅቡቲ ዘግይቶ በመግባቱ» የሚል ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት መሐንዲሶች ወሳኝ የሥራ መስመር የሚሉትን ነገር በምሳሌ ለማሳየት ነው። በፕሮጀክት ውስጥ አንዳንዱ ሥራ አሥር ቀን ቢዘገይ የማስረከቢያውን ቀን አይነካም። አንዳንዱ ግን አንድ ቀን ሲዘገይ ሁሉም አንድ ቀን ይዘገያል። ድግስ የደገሰ ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ድፎው ዘግይቶ ቢደርስ ይታለፋል፣ ሽንኩርቱ ዘግይቶ ከተከተፈ ግን ወጡም ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ከባሕር ማዶ በልክ ተመርቶ የሚመጣ ዕቃ፣ ማለትም ሊፍት፣ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ፓነልና የፊት ገጽ መስታወት፣ ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱ እሱ ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች የሥራ መርሐ ግብር ላይ ግን እነዚህ የሚታዩት «ገጠማ» በሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የማጽደቁ፣ የኤልሲው፣ የምርቱ፣ የባሕሩና የጉምሩኩ ጊዜ አልተጻፈም። ያልተጻፈን ጊዜ ደግሞ ማንም አይጠብቀውም።

መዘግየቱ ከተፈጠረ በኋላ ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ተቋራጮች ዋጋ በናረ ቁጥር «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሞኛል» የሚል ደብዳቤ ይጽፋሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለና ግዴታን መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገርን ነው። ቁጥር 1793 ምሳሌዎችን ያነሳል፤ ጦርነት፣ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ የመንግሥት ክልከላና የመሳሰሉትን። ቁጥር 1794 ደግሞ የማይቆጠሩትን ይናገራል። ከእነሱ አንዱ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ነው። ስለዚህ የፌሮ ዋጋ መጨመር ብቻውን በሕጉ ዓይን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም። መፍትሔው መፈለግ ያለበት ውሉ ውስጥ በሚገባ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ውሉ ሲፈረም ካልገባ፣ ዋጋው ከናረ በኋላ የሚደረግ ልመና የባለቤቱን በጎ ፈቃድ መጠበቅ ይሆናል።

የመዘግየት ካሳውንም አስቡት። በመንግሥት ግንባታ ውሎች የተለመደው ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ከውሉ ዋጋ አንድ ሺህኛ፣ ጣሪያውም 10 በመቶ ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት በ100 ቀን ጣሪያው ይሞላል። ከ101ኛው ቀን ጀምሮ ካሳው አይጨምርም። ሦስት ዓመት በዘገየ ሕንፃ ላይ ይህ ካሳ ከመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ በፊት ጉልበቱን ጨርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚቀረው ውል ማቋረጥ ነው፤ ውል ማቋረጥ ደግሞ አዲስ ጨረታ፣ አዲስ ልኬት፣ አንዳንዴም ረጅም ክርክር ነው። ስለዚህ ቅጣት ብቻውን ሕንፃ አያስጨርስም። ይህን የምለው ተቋራጭን ለመከላከል አይደለም። የተቀበለውን ቅድመ ክፍያ ለሌላ ፕሮጀክት የሚያውል ተቋራጭ አለ፤ እሱ የዘገየው በራሱ ጥፋት ነው፤ ሊጠየቅም ይገባል። የተሠራ ሥራ ክፍያ ሰርተፊኬትን ለወራት ይዞ የሚያቆይ ባለቤትም እንዲሁ። ክፍያ ያልተቀበለ ተቋራጭ ኤልሲ የሚከፍትበት ብር ከየት ያመጣል?

ሁለት ምክንያቶች በአንድ ጊዜ ሲገጥሙስ? ሊፍቱ በባለቤቱ ለውጥ ምክንያት በዘገየባቸው ሁለት ወራት ተቋራጩም ልስኑን ሳይጨርስ ቢቀር፣ መዘግየቱ ተደራራቢ ይባላል። ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ሊያገኝ ይችላል፤ ለእነዚያ ወራት ወጪ መጠየቅ ግን ይከብደዋል። ማን በየትኛው ቀን ምን እንዳደረገ የሚያስረዳው የሳይቱ የዕለት መዝገብ ነው። መዝገቡን ፎርማኑ ማታ ማታ በትክክል ቢጽፈው ኋላ ለዳኛም ለአስታራቂም ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። ውላችሁ በእ.ኤ.አ. 1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን መደበኛ የግንባታ ውል፣ የሚመራ ከሆነ ደግሞ ተቋራጩ የመዘግየቱን ምክንያት ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። 28ቱ ቀን ካለፈ መብቱ ያልፋል። «መርከቡ ዘግይቷል» የሚል የስልክ ወሬ ማስታወቂያ አይሆንም።

እንግዲህ ሕንፃ የምትጀምሩ ሁሉ፣ የግል ቤትም ይሁን ትልቅ ሕንፃ፣ አንድ ወረቀት አውጡና ከመጨረሻው ጀምሩ። ሊፍቱ መገጠም ያለበት መቼ ነው? ከዚያ የጉምሩኩን፣ የመንገዱን፣ የባሕሩን፣ የምርቱን፣ የባንኩን፣ የማጽደቁን ጊዜ ወደ ኋላ እየቀነሳችሁ ሂዱ። የምትደርሱበት ቀን የውሳኔያችሁ ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀን ከመሠረት ቁፋሮው ጋር ይገጥማል፤ አንዳንዴም ቀድሞት ያልፋል። የማዳበሪያውን ወቅት ቁጠሩ። የባሕሩን መንገድ አይታችሁ ከየት አገር እንደምታዝዙ ወስኑ። የትራንስፎርመሩን ማመልከቻ ከሊፍቱ ትዕዛዝ ጋር በአንድ ቀን አስገቡ። የሚመጣውን ዕቃ ማስቀመጫ ሳይት ላይ ከሌለ በአንድ ጊዜ አታስመጡት፤ በዝናብ የተበላሸ የጂፕሰም ቦርድ እንደገና ጅቡቲን አቋርጦ ነው የሚመጣው።

ይህ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ባለው ሰው ምክንያት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው፣ በየወሩ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ እስከ ዛሬ ቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። በምዝገባው ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ አሥር ዓመት አልፎታል። እያንዳንዱ የዘገየ ወር ለእነዚህ ሰዎች የአንድ ወር ኪራይ ነው። ለግል አልሚ ቅድመ ክፍያ ከፍለው የሚጠብቁትም ሁኔታቸው ከዚህ አይለይም። እነሱ የግዢ መርሐ ግብሩን የማየት ዕድል የላቸውም። መጠየቅ ግን ይችላሉ፤ ሊጠይቁም ይገባል። «ሕንፃው ስንት ወለል ደርሷል?» ከማለት ይልቅ «ሊፍቱ ታዟል? ኤልሲው ተከፍቷል? የትራንስፎርመሩ ክፍያ ተፈጽሟል?» ብለው ይጠይቁ። ከአርማታው ከፍታ ይልቅ ቁልፉን የሚረከቡበትን ቀን ቀርቦ የሚነግራቸው የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው።

ውድ አድማጮች፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን የክፍያ ሰርተፊኬት እንዴት እንደሚዘጋጅና ክፍያ ሲዘገይ ተቋራጩና ባለቤቱ ምን መብት እንዳላቸው እንመለከታለን። እስከዚያው የፈረማችሁት ውል ካለ አውጥታችሁ የዋጋ ማስተካከያና የማስታወቂያ አንቀጾቹን አንብቡና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ጠብቁን።